ሁለት ተርሚናሎች፦ መስክና ሰርኪዩት የሚገናኙበት ቦታ

(ለወጣት መሐንዲሶችና ለምሕንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረው የቀረበ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራና ከትምህርት ውላችሁ፣ ደክሟችሁም ቢሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ርዕስ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩትን ዕቃ በኋላ በቅርብ ማየት ይኖርባችኋል።

ዕቃው ተራ የሶሌኖይድ ቫልቭ ነው። አንድ ጥቅል ሽቦ፣ በመካከሉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት ብረት፣ ብረቱን የሚመልስ ስፕሪንግ። አጠገቡ የ24 ቮልት የኃይል ምንጭ፣ ማብሪያና ኦሲሎስኮፕ አለ፤ ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ መጠን በጊዜ ውስጥ ሲለዋወጥ በኩርባ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይገኛል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ማብሪያውን ስጫነው በጥቅሉ ውስጥ ያለው ከረንት እንዴት ያድጋል? ሁላችንም የተማርነው መልስ አለ፤ መጀመሪያ ፈጥኖ፣ ኋላ እየዘገየ፣ በለስላሳ ኩርባ ወጥቶ ቮልቴጁ በሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው መጠን ላይ ይረጋጋል። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሲሎስኮፕ ስመለከተው ግን ኩርባው ለስላሳ አልነበረም። ከረንቱ ወጣ፤ ወጣ፤ መንገድ ላይ ወደ ታች ታጠፈ። ስለታም ጎድጓዳ ሠራና እንደገና መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው አወጣጥ ደግሞ ከመጀመሪያው የዘገየ ነበር። የላላ ሽቦ ያለ መስሎኝ ሁሉንም ነቅዬ እንደገና አሰርኩ። ያው ጎድጓዳ፣ በዚያው ቦታ፣ ተመልሶ መጣ።

ምን ሆነ? ብረቱ ተስቦ ሲገባ በእርሱና በመቀመጫው መካከል ያለው የአየር ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ይጨምራል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ ፍሰት በጥቅሉ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ያ ቮልቴጅ ምንጩን ይቃወማል፤ ከረንቱም ይወርዳል። ብረቱ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ እንቅስቃሴው ያበቃል፣ ከእንቅስቃሴው የመጣው ተቃውሞም አብሮ ያበቃል፣ ከረንቱ እንደገና ይነሣል። አሁን ግን ክፍተቱ ስለተዘጋ ኢንደክታንሱ፣ ማለትም ጥቅሉ የከረንትን ለውጥ የሚቃወምበት መጠን፣ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ዝግ ብሎ ያድጋል። ያቺ ጎድጓዳ የብረቱ ጉዞ አሻራ ናት። ቫልቩን ሳይከፍቱ፣ ሌላ ዳሳሽ ሳይጨምሩ፣ ብረቱ መንቀሳቀሱን ከዚህችው ጎድጓዳ የሚያነቡ የቁጥጥር መሣሪያዎች አሉ።

አሁን ይህችን ጎድጓዳ በኮምፒውተር ማውጣት ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? የመስክ ስሌት ብቻ የሚሠራ፣ ማለትም በዕቃው ውስጥና ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በየቦታው የሚያሰላ ፕሮግራም ብትከፍቱ «ከረንቱ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እናንተ ግን አታውቁትም። የምታውቁት 24 ቮልቱን ነው። የሰርኪዩት ስሌት ብቻ የሚሠራውን ብትከፍቱ ደግሞ «ኢንደክታንሱ ስንት ነው?» ይላችኋል። የትኛው ኢንደክታንስ? ክፍተቱ ሰፊ ሳለ ያለው ነው ወይስ ከተዘጋ በኋላ ያለው? ብረቱ በመግነጢስ ሳይሞላ ነው ወይስ ሞልቶ? አንደኛው የሚጠይቀውን የሚያውቀው ሌላኛው ነው። ሁለቱን ማጣመር ያስፈለገን ለዚህ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው።

ሦስት ነጥቦች አነሣለሁ። አንደኛ፣ መስኩና ሰርኪዩቱ በሚገናኙባቸው ሁለት ተርሚናሎች፣ ማለትም በሁለቱ የሽቦ ጫፎች ላይ ምን እንደሚያልፍ። ሁለተኛ፣ የሁለቱን እኩልዮሾች አብረን እንፍታቸው ወይስ ተራ በተራ። ሦስተኛ፣ ስለ ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት እዚያ ነውና።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ጉስታቭ ኪርሾፍ የሰርኪዩት ሕጎቹን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ንድፈ ሐሳቡን ያሳተመው በ1865፣ ማለትም ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እኛም ሁለቱን እንደ ሁለት ባዕድ ትምህርቶች እንማራቸዋለን፤ ሌላ መምህር፣ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ ፈተና። ነገር ግን የኪርሾፍ ሕጎች ቀድመው ቢታወቁም ከማክስዌል እኩልዮሾች ውስጥ የሚወጡ ናቸው። የሚወጡት ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ቻርጅ የማይጠራቀም ከሆነ የከረንቱ ሕግ ይሠራል። ሽቦዎቹ በሚከቡት ባዶ ቦታ ውስጥ የሚለዋወጥ ፍሰት ከሌለ የቮልቴጁ ሕግ ይሠራል። ዕቃው ከሞገዱ ርዝመት አንጻር ትንሽ ከሆነ ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ። በ50 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሞተርም ሆነ ትራንስፎርመር ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው። በ1 ጊጋሄርዝ ግን ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ እዚያ ሰርኪዩት ብላችሁ የሣላችሁት ራሱ አንቴና ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምናገረው በዝግተኛው ዓለም ስላሉት፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ ሪሌና ስለ ቫልቭ ነው።

ታዲያ ማክስዌል ሁሉንም ካቀፈ፣ ሁሉንም በመስክ ለምን አንፈታውም? አንድ ሞተር አስቡ። በኢንቨርተር፣ ማለትም ቀጥተኛውን ከረንት ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይር መሣሪያ ይነዳል፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ትራንዚስተሮች፣ ካፓሲተሮች፣ ኬብሎች አሉ። እያንዳንዱን ትራንዚስተርና እያንዳንዱን የኬብል ስንዝር ለመስክ ስሌት በትናንሽ ቁርጥራጮች መረብ ብንሸፍን ስሌቱ ማለቂያ አይኖረውም፤ ትርፉም ኢምንት ነው። ለእኛ ጉዳይ ሁለት ሜትር ኬብል ማለት አንድ ሬዚስታንስና አንድ ትንሽ ኢንደክታንስ ማለት ነው። ያንን በሁለት ቁጥር መጻፍ ይበቃል።

ሁሉንም በሰርኪዩትስ? ትራንስፎርመር አስቡ። ፍሰቱ የቮልቴጁ ድምር ነው፤ ቮልቴጁ በየቅጽበቱ እየተጠራቀመ ፍሰት ይሆናል። ቮልቴጁ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት ብታበሩት ፍሰቱ በመጀመሪያው ግማሽ ዑደት ከተለመደው ጫፍ እጥፍ ለመድረስ ይሄዳል። የብረቱ ኮር በተለመደው ሥራ እስከ 1.7 ቴስላ ድረስ ይሠራል እንበል፤ ቴስላ የመግነጢሳዊ ፍሰት ጥግግት መለኪያ ነው። እጥፉ 3.4 ቴስላ ነው። የትራንስፎርመር ብረት ግን 2 ቴስላ አካባቢ ሲደርስ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ከአየር ብዙም አይሻልም። በብረቱ ውስጥ ካለፈው ጊዜ የቀረ መግነጢስ ካለ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከረንቱ ከመደበኛው የሙሉ ጭነት ከረንት ብዙ እጥፍ ሆኖ ይፈነዳል። ኢንደክታንሱን አንድ ቋሚ ቁጥር አድርጋችሁ የጻፋችሁበት ሰርኪዩት ምን ይላችኋል? ትንሹ የማግኔት ከረንት እጥፍ ይሆናል፣ አትጨነቁ ይላችኋል። ፊውዙ ግን ይቃጠላል።

እንግዲህ ድንበር ማስመር ግድ ነው። የተወሰነው ክፍል በመስክ፣ የቀረው በሰርኪዩት። ይህን ድንበር ተፈጥሮ አላሰመረችውም፤ እኛ ነን የምናሰምረው። ወዳጆቼ፣ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙልኝ፦ በእንዲህ ዓይነት ስሌት የገጠመኝ ስሕተት ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ የተገኘው በመስኩ ውስጥም በሰርኪዩቱ ውስጥም ሳይሆን ድንበሩ ላይ ነው።

ወደ አንደኛው ነጥብ እገባለሁ። በተርሚናሎቹ ላይ ምን ያልፋል?

በመስኩ በኩል ቦታውን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች መረብ እንሸፍናለን፤ የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ማለት ይህ ነው። በእያንዳንዱ የመረቡ ቋጠሮ ላይ የማናውቀው አንድ ቁጥር አለ፤ ማግኔቲክ ቬክተር ፖቴንሻል ይባላል። ከእርሱ ለውጥ ፍሰቱን እናገኛለን። በሰርኪዩቱ በኩል የማናውቃቸው ከረንቶችና ቮልቴጆች ናቸው። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆነው ኮንዳክተሩ ነው። ኮንዳክተር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ልዩነት አደራ እንዳትረሱ።

የመጀመሪያው በቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ከረንቱ በጥቅሉ ስፋት ላይ እኩል ተሠራጭቷል ብለን እንወስዳለን። ሥርጭቱ ይታወቃል፤ የማይታወቀው መጠኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው ድፍን ኮንዳክተር ነው፤ በሞተር ሮተር፣ ማለትም በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ያሉት ዘንጎች፣ ወፍራም የመዳብ ሰሌዳ፣ የቫልቩ ብረት ራሱ። እዚህ ከረንቱ የራሱን መንገድ ይመርጣል፤ ወደ ገጽ ይሸሻል። በመዳብ ውስጥ ከረንቱ ከገጹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በ50 ሄርዝ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ10 ኪሎሄርዝ ግን 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ። ስለዚህ በድፍኑ ኮንዳክተር የከረንቱን ሥርጭት አስቀድመን አናውቅም። የምናውቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ለመላው ስፋት አንድ መሆኑን ነው። በቀጭኑ የከረንቱን ሥርጭት ይዘን ቮልቴጁን እንፈልጋለን፤ በድፍኑ ቮልቴጁን ይዘን የከረንቱን ሥርጭት እንፈልጋለን። አንዱን በሌላው ቦታ የተካ ሰው ፕሮግራሙ ስሕተት ነው አይለውም፤ ቆንጆ ሥዕልና የተሳሳተ የኃይል ብክነት ይሰጠዋል።

አሁን በጣም የምወደውን ነገር ልንገራችሁ። ጥቅሉን በመረብ ስትሸፍኑ አንድ አምፔር ከረንት ለየቋጠሮው መከፋፈል አለበት። በቀላሉ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ለሦስቱ ማዕዘኖች እኩል፣ ሲሶ ሲሶ ይደርሳል። ይህ ክፍፍል አንድ የቁጥሮች ረድፍ ይሆናል። በሌላ በኩል ከመስኩ ተነሥተን ጥቅሉ የያዘውን ጠቅላላ ፍሰት ማስላት አለብን፤ ቮልቴጁ የሚመጣው ከዚያ ፍሰት ለውጥ ነውና። ፍሰቱን ከየቋጠሮው የሚሰበስበው የቁጥሮች ረድፍ የትኛው ነው? ያው ራሱ! ከረንቱን ያከፋፈለው ረድፍ ፍሰቱን ይሰበስባል። በማትሪክሱ ውስጥ አንዱ እንደ አምድ ቆሞ፣ ሌላው እንደ ረድፍ ተኝቶ ታዩታላችሁ።

ይህ ውበት ብቻ አይደለም። በተርሚናሎቹ የገባው ኃይል መስኩ ውስጥ ከደረሰው ኃይል ጋር እኩል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከረንቱን በአንድ መንገድ አከፋፍላችሁ ፍሰቱን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በአንድ መስመር ላይ ያለውን ፍሰት ብቻ ቆጥራችሁ ከሰበሰባችሁ፣ ድንበሩ ላይ ኃይል ይፈስሳል፤ ከየትም የመጣ ወይም የትም የጠፋ ኃይል ይኖራችኋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሒሳብ አድርጉ። በተርሚናሉ የገባው ኃይል ሲደመር፣ በሽቦው ከተቃጠለው፣ በብረቱ ውስጥ በሚሽከረከሩ ከረንቶች ከተቃጠለው፣ በመስኩ ከተከማቸውና ወደ እንቅስቃሴ ከተለወጠው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ሥዕሉን ለማንም አታሳዩ።

ስለ ድንበር ስናገር አንድ ከራሴ ሕይወት ያለ ታሪክ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ቫልቭ እንድሠራ ተሰጠኝ። የጥቅሉ ሬዚስታንስ 48 ኦም ነው፤ በ24 ቮልት ከረንቱ 0.5 አምፔር ላይ መርጋት አለበት። የእኔ ስሌት 0.25 አምፔር ላይ ረጋ። መረቡን አጠጋጋሁ፤ 0.25። የጊዜውን እርምጃ አሳነስኩ፤ 0.25። የብረቱን ባሕርይ የሚገልጸውን ኩርባ በሌላ ቀየርኩ፤ አሁንም 0.25። ሦስት ቀን ሙሉ ከምሽት እስከ ምሽት ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን በመለኪያ ክፍሉ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ከኋላዬ ቆመው ሁለቱን ቁጥሮች አዩ። መረብ ምን እንደሆነ፣ ቬክተር ፖቴንሻል ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ልክ ግማሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ልክ ግማሽ ነው።»

«ልክ ግማሽ ከሆነ የመረብህ ጉዳይ አይደለም። ሁለት ጊዜ የቆጠርከውን ነገር ፈልግ።»

ፈለግሁ። በመስኩ ሞዴል ውስጥ ጥቅሉን መዳብ ነው ብዬ ሬዚስታንሱን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያሰላ አድርጌ ነበር። በሰርኪዩቱ ውስጥ ደግሞ ያንኑ 48 ኦም በእጄ ጽፌያለሁ። 96 ኦም! ሁለቱም ሞዴሎች ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ። ስሕተቱ በሁለቱ መካከል ነበር፤ የረጋው ከረንት ደግሞ ከመረቡ ጥራት ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው መረብ ማጥራቴ ሊያሳየኝ አይችልም ነበር። እኚያ ሰው ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስጀምር በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ እሠራለሁ፤ እያንዳንዱን ሬዚስታንስ፣ እያንዳንዱን ኢንደክታንስ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ እጽፋለሁ።

ሁለት ጊዜ መቁጠር አንዱ በሽታ ነው፤ ሌላው ጨርሶ አለመቁጠር ነው። የሞተርን አንድ ቁራጭ በሁለት አቅጣጫ ብቻ የምታሰሉ ከሆነ መስኩ የሚያየው በብረቱ ርዝመት ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ከብረቱ ወጥቶ የሚታጠፈው የጥቅሉ ጭንቅላት በሥዕሉ ላይ የለም። ሬዚስታንሱና ኢንደክታንሱ በሰርኪዩቱ በኩል መግባት አለባቸው። የሮተሩ ዘንጎችም እንዲሁ፤ ዘንጎቹ በመስኩ፣ ጫፍ ላይ የሚያያይዛቸው ቀለበት በሰርኪዩቱ ይጻፋል። በቋሚ ማግኔት ሞተር ደግሞ ተለያይተው የተለጠፉ ማግኔቶች አሉ። በሁለት አቅጣጫ ስሌት ውስጥ ምንም ካልጻፋችሁ ፕሮግራሙ ጫፎቻቸው እንደተያያዙ አድርጎ ሊወስድ ይችላል፤ ከአንዱ ማግኔት ወጥቶ በሌላው የሚመለስ፣ በእውነቱ ዓለም የሌለ ከረንት ይፈጠራል። የእያንዳንዱ ማግኔት ጠቅላላ ከረንት ዜሮ ነው ብላችሁ በግልጽ ማዘዝ አለባችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አውጡ፤ አብረን እንሠራለን።

ማጣመሪያው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመስኩንም የሰርኪዩቱንም እኩልዮሾች በአንድ ማትሪክስ አስገብቶ በአንድ ጊዜ መፍታት ነው፤ ጠንካራ ጥምረት እንበለው። ሁለተኛው ሁለት ፕሮግራሞችን ለየብቻ አስቀምጦ ቁጥር እያቀባበሉ ማስኬድ ነው፤ ልል ጥምረት እንበለው። ሁለተኛው ያጓጓል። እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ተፈትኗል፣ በራሱ የታመነ ነው። ዕዳው የት እንዳለ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

100 ቮልት ምንጭ አለ። ከምንጩ ቀጥሎ በሰርኪዩቱ ውስጥ 3 ሚሊሄንሪ ኢንደክታንስ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ በመስክ የምንሠራው ዕቃ አለ፤ እርሱ ለጊዜው 1 ሚሊሄንሪ ይመስላል። ሬዚስታንሱን እንተወው። መልሱን ያለ ኮምፒውተር እናውቀዋለን፤ ቮልቴጁ በ3 ለ1 ይካፈላል፣ ለመስኩ ዕቃ 25 ቮልት ይደርሰዋል።

አሁን በማቀባበል እንሥራው። ሰርኪዩቱ ለመስኩ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ መስኩ ከረንቱ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ይመልሳል፤ ሰርኪዩቱ ያንን ፍጥነት ይዞ በ3 ሚሊሄንሪው ላይ የሚቀረውን ቮልቴጅ ከ100 ይቀንስና አዲስ ቮልቴጅ ይሰጣል። ከዜሮ እንነሣ። በመስኩ ላይ ዜሮ ቮልት ካለ ከረንቱ አያድግም፤ ስለዚህ 100 ቮልቱ ሁሉ ወደ መስኩ ይሄዳል። 100 ጻፉ። በ100 ቮልት መስኩ የሚመልሰው ፍጥነት በ3 ሚሊሄንሪው ላይ 300 ቮልት ያስቀራል፤ 100 ሲቀነስ 300፣ ነጌቲቭ 200 ጻፉ። ቀጥሉ። 100 ሲደመር 600፣ 700። ቀጥሉ። 100 ሲቀነስ 2,100፣ ነጌቲቭ 2,000። ማን ነው የሚያስቆመው? ማንም! በየዙሩ ስሕተቱ በሦስት እየተባዛ ይሄዳል።

አሁን እጃችሁን አውጡልኝ፤ የጊዜውን እርምጃ ብናሳንስ ይድናል የምትሉ? ብዙ እጅ አያለሁ። ወዳጆቼ፣ አይድንም። ስሌቱን ተመልከቱት፤ በውስጡ የጊዜ እርምጃ የለም። ማባዣው 3 ሲካፈል ለ1 ነው፤ የሁለቱ ኢንደክታንሶች ንጽጽር ብቻ ነው። እርምጃውን አንድ ማይክሮሰከንድ ብታደርጉት፣ የማይክሮሰከንድ ሺህኛ ብታደርጉት፣ ያው 3 ነው። እርምጃ እያሳነሱ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር የሚያስኬዱ ባልደረቦች አይቻለሁ፤ ድካማቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይህን አንድ ገጽ ስሌት የሚያሳያቸው ሰው አላገኙም።

ታዲያ መፍትሔው? መጀመሪያ አቅጣጫውን እንገልብጠው። አሁን ሰርኪዩቱ ለመስኩ ከረንት ይስጥ፣ መስኩ ቮልቴጅ ይመልስ። ከዜሮ እንነሣ። መስኩ ላይ ዜሮ ቮልት ከሆነ 100 ቮልቱ በሙሉ በ3 ሚሊሄንሪው ላይ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የሚያድገው ከረንት በ1 ሚሊሄንሪው ላይ 33.3 ቮልት ይፈጥራል። ቀጥሉ፤ 22.2። ቀጥሉ፤ 25.9። ከዚያ 24.7፣ ከዚያ 25.1። ወደ 25 እየተሰበሰበ ነው! ዕቃው አልተለወጠም፣ ምንጩ አልተለወጠም፣ ፕሮግራሞቹ አልተለወጡም። የተለወጠው በድንበሩ ላይ ማን ምን ያቀብላል የሚለው ብቻ ነው። ማባዣው ከ3 ወደ ሲሶ ወረደ።

ነገር ግን ይህም ዋስትና አይደለም። ቫልቩን አስታውሱ፤ ክፍተቱ ሲዘጋ የመስኩ ኢንደክታንስ ያድጋል። 1 ሚሊሄንሪ የነበረው 4 ቢሆን ያዳነን አቅጣጫ ራሱ ያጠፋናል። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ቁጥር ብቻ አለማቀበል ነው። መስኩ ለሰርኪዩቱ ባሕርዩን ያቀብለው። «አሁን ባለሁበት ሁኔታ ከረንቱን ትንሽ ብትጨምር ፍሰቴ ይህን ያህል ይጨምራል፤ በእንቅስቃሴዬ ምክንያት ደግሞ ይህን ያህል ቮልት እፈጥራለሁ» ይበለው። ማለትም አንድ ኢንደክታንስና አንድ የቮልቴጅ ምንጭ ሆኖ በሰርኪዩቱ ውስጥ ይቀመጥ። ሰርኪዩቱም ያንን እንደማንኛውም ዕቃ ከራሱ ጋር አንድ ላይ ይፈታዋል። በምሳሌያችን 25 በመጀመሪያው ዙር ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰርኪዩቱ የሚቀበለው ኢንደክታንስ የትኛው ነው? ፍሰቱን በከረንቱ ስታካፍሉ የምታገኙት አይደለም። ከረንቱ በጥቂት ሲጨምር ፍሰቱ የሚጨምረው መጠን ነው። ብረቱ ሳይሞላ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ሲሞላ ግን ይራራቃሉ፤ የመጀመሪያው ገና ትልቅ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ወድቋል። ቅድም ትራንስፎርመሩ ላይ ያየነው ፍንዳታ ከዚህ ሁለተኛው መውደቅ የመጣ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሁለቱን በአንድ ማትሪክስ መፍታት የሚቻል ከሆነ እርሱን እመርጣለሁ። ማትሪክሱ ይከብዳል፣ መረቡ ላይ ካሉት ቁጥሮች ጎን ሌላ ጠባይ ያላቸው የሰርኪዩት ቁጥሮች ይገባሉ፣ አንዳንድ የመፍቻ ዘዴዎች ይቸገራሉ። ቢሆንም ድንበሩ ላይ የሚጠራጠሩት ነገር አይኖርም። ልል ጥምረትን የምጠቀመው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ አንድም ፕሮግራሞቹን መክፈት ሳልችል፣ አንድም ሁለቱ ወገኖች በጣም በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ። ይህም ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያመጣኛል፤ እርሱን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ኢንቨርተር በ10 ኪሎሄርዝ ይከፍታል፣ ይዘጋል እንበል። አንዱ ዑደት 100 ማይክሮሰከንድ ነው። የመክፈቻውን ቅጽበት በደንብ ለማየት በአንድ ማይክሮሰከንድ እርምጃ መሄድ ትፈልጋላችሁ። ሞተሩ ግን ለመነሣት አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሚሊዮን እርምጃ! እያንዳንዱ የመስክ ስሌት አንድ ሰከንድ ቢወስድ አሥራ አንድ ቀን ተኩል ኮምፒውተሩ ሲሠራ ይኖራል። የሮተሩ መስክ ግን በአንድ ማይክሮሰከንድ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ስለዚህ ሰርኪዩቱ በትናንሽ እርምጃ ይሂድ፤ መስኩ አልፎ አልፎ ይታደስ፤ በመካከሉ ቅድም ያልኩትን ባሕርዩን አቀብሎ ይረፍ። ሌላው መንገድ ፍሰቱን ለብዙ ከረንቶችና ለብዙ የሮተር ቦታዎች አስቀድሞ አስልቶ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜም በቂ ነው። የሚጠፋው በድፍን ብረት ውስጥ የሚሽከረከሩት ከረንቶች ትዝታ ነው፤ ሠንጠረዡ አሁን ያለውን ከረንት እንጂ ከአንድ ሚሊሰከንድ በፊት የነበረውን አያውቅምና።

አንድ ነገር ጨምሬ ይህን ልዝጋ። በጥቅል ውስጥ የሚሄድ ከረንት በድንገት ሲቋረጥ ቮልቴጁ ይዘላል። ጊዜን በእርምጃ ከፋፍሎ ከሚያሰሉት ዘዴዎች አንዱ በሆነው በትራፔዞይድ ደንብ የምታሰሉ ከሆነ፣ ከዚያ ዝላይ በኋላ ቮልቴጁ በየእርምጃው ምልክቱን እየቀያየረ፣ አንዴ ፖዘቲቭ አንዴ ነጌቲቭ፣ ሳይደክም ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ያንን መወዛወዝ በእውነተኛው ዕቃ ውስጥ አትፈልጉት፤ የለም። ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ሁለት ግማሽ እርምጃ በሌላው የእርምጃ ስሌት፣ በኋልዮሽ ኦይለር ዘዴ፣ መሄድ ያጠፋዋል። ይህን ያላወቀ ወጣት መሐንዲስ ለሌለ መወዛወዝ ማጣሪያ ሠርቶ እንዳመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማጣሪያው ራሱ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ነበር።

ብዙ ታገሣችሁኝ፤ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎችን ከመቀበሌ በፊት ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ወረቀት የያዛችሁ የምትጠብቁትን ኩርባ አሁኑኑ ሣሉ፤ ካያችሁ በኋላ አይደለም፣ አሁኑኑ። ጎድጓዳው የት ይሆናል? ጥልቀቱስ? መጀመሪያ ብረቱን በዚህ የእንጨት ቁራጭ አግጄ እንዳይንቀሳቀስ አደርጋለሁ፤ የምታዩት ያንን የተማርነውን ለስላሳ ኩርባ መሆን አለበት። ቀጥሎ እንጨቱን አውጥቼ እንደገና አበራዋለሁ። ከዚያ ያ ቀዩ መስመር የጥምር ስሌቱ ውጤት ነው፤ ትናንት የተሠራ ነው፤ ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን እናያለን። ከኋላ ያላችሁ፣ ታያላችሁ? መብራቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ። እንጨቱ ገብቷል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ጫንኩት።